በድሬዳዋ አንድ የወጣቶች የምክር አገልግሎት ክፍል፦ ከሰባት ቀጠሮ በኋላ የተጻፈ ግምገማ

ይህ ግምገማ በከተማችን ካሉት ጤና ጣቢያዎች በአንዱ ግቢ ውስጥ ለወጣቶች የአእምሮ ጤና ምክርና ሕክምና ስለሚሰጥ አንድ ክፍል ነው። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠቅስም። ክፍሉን የሚጠቀሙት ወጣቶች ከጅምሩ ካነሷቸው ጥያቄዎች አንዱ ቦታው በሰፈር ሰው ዘንድ «የእብዶች ክፍል» የሚል ስም እንዳይወጣለት ነበር፤ ሰባት ጊዜ ተመላልሼ ያየሁትን ስጽፍ ያንን ጥያቄ ማክበር ይገባኛል። የምመላለሰው ከእህቴ ልጅ ጋር ነው። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ከእኔ ጋር ይኖራል። ጽሑፉን ከማውጣቴ በፊት አንብቦ ሁለት ዓረፍተ ነገር አስወጥቶኛል። የወጡት እሱን እንጂ አገልግሎቱን የሚመለከቱ ስላልነበሩ ግምገማው አልጎደለበትም።

ወደዚያ የደረስንበት መንገድ የብዙ ቤተሰብ መንገድ ይመስለኛል። ልጁ ከጥቅምት ወር ጀምሮ እንቅልፍ አጣ፤ ቀጥሎ ከትምህርት ቤት መቅረት መጣ፤ በመጨረሻም የሚወደውን ኳስ ተወ። በቤታችን ስለ እሱ ያልተናገረ ሰው አልነበረም። እናቱ ከጅግጅጋ እየደወለች ጠበል ይወሰድልኝ ትላለች፤ አያቱ የሰው ዓይን ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ ጫት ጀምሯል ብዬ ከሰዓት በኋላ የሚውልበትን መከታተል ያዝኩ። እሱን የጠየቀው ግን የለም። አንድ ቀን ምሳ ላይ «አጎቴ፣ አንድ ቦታ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ብሎ ጉዳዩን የከፈተው ራሱ ነው። ስለ ክፍሉ የሰማው በትምህርት ቤታቸው ክበብ ሲሆን፣ መጥቶ ያወራላቸውም ሐኪም ሳይሆን ከዚያው ትምህርት ቤት ባለፈው ዓመት የጨረሰ ልጅ ነበር።

ክፍሉ የሚከፈተው ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ነው። ድሬዳዋን የማያውቅ አንባቢ ይህን ተራ ነገር አድርጎ ሊያልፈው ይችላል። እዚህ ከቀትር በኋላ ሙቀቱ ሲበረታ ሱቁ ይዘጋል፣ ሰዉ ጥላና ማራገቢያ ፍለጋ ይገባል፣ የከዚራ ሰፈር እንኳ በዚያ ሁሉ ዛፍ ጭር ትላለች፤ ከተማው እንደገና ነፍስ የሚዘራው ፀሐይ ስትበርድ ነው። አገልግሎቱ በተጀመረበት ዓመት ክፍሉ እንደ ሌላው ሁሉ ጠዋት ይከፈት ነበር። ጠዋት ተማሪው ክፍል ውስጥ ነው፣ የቀን ሠራተኛው ሥራ ላይ ነው፣ ባጃጅ የሚነዳውም የሚሠራበት ሰዓት ነው። የሥነ አእምሮ ነርሷ እንደነገረችኝ ቀኑን ሙሉ አንድም ሰው ሳይመጣ የሚያልፍባቸው ሳምንታት ነበሩ። በዚያን ጊዜ የጤና ጣቢያው ሰዎች «ወጣቱ ፍላጎት የለውም» ብለው ለመዝጋት ሲያስቡ፣ አንድ ሰው ወጣቶቹን ጠርቶ መጠየቅ እንደሚሻል አሳሰበ። የወጣቶች አማካሪ ቡድን የሚባለው ዘጠኝ አባላት ያሉት ቡድን የተቋቋመው በዚህ ነው። የቡድኑ የመጀመሪያ ሐሳብ ሰዓቱ ይቀየር የሚል ሲሆን፣ ሰዓቱ ሲቀየር ሰው መጣ።

ሁለተኛው ሐሳባቸው በሩን የሚመለከት ነበር። ቀደም ሲል ወደ ክፍሉ ለመግባት በዋናው በር አልፎ፣ ካርድ ክፍሉ ፊት ቆሞ፣ ልጆቻቸውን ለማስከተብ ተራ ይዘው በተቀመጡ እናቶች መካከል መሻገር ግድ ነበር። በድሬዳዋ ደግሞ እንዲህ ካለው ተራ ላይ ከተቀመጡት ቢያንስ አንዷ የእናትህ አፎቻ (እንደ እድር ያለ መረዳጃ ማኅበር) አባል ወይም የቡና ጎረቤት ናት። ወጣቶቹ ከላቦራቶሪው ጀርባ ተዘግቶ የኖረውን የብረት በር አሳዩ። በሩ ተከፈተ፤ ለጥገናው የወጣው አንድ ቁልፍና አንድ አምፖል ብቻ እንደሆነ ነርሷ እየሳቀች ነግራኛለች። በበሩ ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ «ለወጣቶች ምቹ የጤና አገልግሎት» ይላል እንጂ አእምሮ የሚል ቃል የለበትም። ይህን ሳይ መጀመሪያ ላይ አልወደድኩትም ነበር፤ ሕመሙን መደበቅ አሳፋሪነቱን ማጽናት ይመስለኝ ነበር። የእህቴ ልጅ ግን «አንተ በዚያ በር ስለማትገባ ነው» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በሰባቱ ቀጠሮ ካየሁት ሁሉ ብዙ ያሰብኩበት መጠይቁ ነው። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ተገልጋይ በብዙ አገሮች ድብርትን ለመለየት የሚያገለግለውን ዘጠኝ ጥያቄዎች ያሉትን መጠይቅ ይሞላል። ጥያቄዎቹ ያለፉትን 2 ሳምንታት ይመለከታሉ፤ እያንዳንዱ መልስ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ሲይዝ ድምሩ እስከ 27 ይደርሳል፤ ዘጠነኛው ጥያቄ ራስን ስለመጉዳት ወይም ሞትን ስለመመኘት ይጠይቃል። መጠይቁ ወደ አማርኛ ተመልሶ በአገራችን የተፈተነ ነው። ነገር ግን «ድብርት» የሚለው ቃል በሐኪሙና በአሥራ ሰባት ዓመቱ ልጅ አፍ አንድ ትርጉም የለውም። ወጣቱ «ደበረኝ» ሲል ፊልሙ አሰልቺ ነው፣ ክፍለ ጊዜው አላልቅ አለ፣ ሰውየው አይመቸኝም ማለቱ ነው። ስለዚህ «የድብርት ስሜት ምን ያህል ቀን ተሰምቶሃል?» ተብሎ ሲጠየቅ አንዱ ልጅ ትምህርት እንደሰለቸው አስቦ «በየቀኑ» ብሎ ይሞላል፤ ሌላው፣ በእርግጥ የታመመው፣ ነገሩን ከመሰልቸት ጋር አምታትቶ «በጭራሽ» ብሎ ያልፋል።

አማካሪ ቡድኑ ይህን ሲያነሳ ቃሉ ይቀየር ነበር ያለው። ነርሷ እንቢ አለች፤ እንቢ ማለቷም ትክክል ነበር ብዬ አምናለሁ። የተፈተነ መጠይቅ እያንዳንዱ ጤና ጣቢያ እንደፈለገው ቢቀይረው የሚገኘው ነጥብ ከሌላው ጋር የሚመዛዘን አይሆንም። ከብዙ ክርክር በኋላ የደረሱበት መፍትሔ መጠይቁን ሳይነኩ ከፊቱ አንድ ገጽ መጨመር ነው። ገጹን የጻፉት ወጣቶቹ ናቸው። «እዚህ ላይ ድብርት ስንል ‹ደበረኝ› የምንለውን ማለታችን አይደለም» ብሎ ይጀምርና የሚታወቁ ነገሮችን በቀላል አነጋገር ይዘረዝራል፤ ጓደኞች ሲስቁ አብሮ መሳቅ ግን ውስጥ ባዶ ሆኖ መቅረት፣ ነቅቶ መተኛት አለመቻል፣ ተኝቶም መነሳት አለመቻል፣ ስልክ ሲጠራ እያዩ አለማንሳት። የእህቴ ልጅ ስልኩ ላይ ሲደርስ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ጣሪያውን ተመለከተ፤ ከዚያ በኋላ መጻፉን ቀጠለ። ለካ እናቱ ከጅግጅጋ ስትደውል የማያነሳው ንቀት አልነበረም።

ከገጹ ግርጌ ስለ ጫት የተጻፈ አንቀጽ አለ፤ በድሬዳዋና በሐረር ለሚሰጥ አገልግሎት ያለዚህ አንቀጽ መሥራት የሚቻል አይመስለኝም። ባለሙያው አብዛኛውን ጊዜ «ጫት ትቅማለህ?» ብሎ ጠይቆ አዎ ወይም አይደለም የሚል መልስ ይመዘግባል። ወጣቶቹ ግን መጠየቅ ያለበት መቼና ከምን በኋላ እንደሆነ ነው ያሉት። የምርቃናው ሰዓት ሌላ ነው፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ዝምታና መከፋት ሌላ ነው፤ ሐራራው ሌላ ነው፤ ለጥቂት ቀናት ሳይቅሙ ሲቀሩ በእንቅልፍ መሐል የሚያስጮኸው ዱካክ ደግሞ ሌላ ነው። ዱካክ የያዘውን ልጅ የሌላ ሕመም ምልክት አሳየ ብሎ መድኃኒት መጀመርም፣ በእርግጥ የታመመውን ልጅ «ጫቱን ተው፣ ይለቅሃል» ብሎ መሸኘትም ሁለቱም ይከሰታሉ። ሁለተኛውን ያደረግሁት እኔ ራሴ፣ ያውም ሳልጠይቅ በቤቴ ውስጥ ስለሆነ ሌላውን ለመውቀስ አፌን የምከፍትበት ቦታ የለኝም። ልጁ ጫት አይቅምም ነበር።

የወጣቶች ተሳትፎ የሚለው ቃል በአገራችን ብዙ ጊዜ የሚሰማ በመሆኑ በጥርጣሬ ነበር የጀመርኩት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ለታዳጊዎች የጤና አገልግሎት ጥራት ካወጣቸው ስምንት መስፈርቶች የመጨረሻው ታዳጊዎቹ ራሳቸው በአገልግሎቱ ዕቅድ፣ ክትትልና ግምገማ እንዲሳተፉ የሚጠይቅ ነው። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በ12ኛ አንቀጹ ልጆች በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማና ክብደት እንዲሰጠው ያዝዛል። ሆኖም በወረቀት ያለው ግቢ ውስጥ ሲደርስ ባንዲራ ይዞ መሰለፍ፣ ቲሸርት መልበስና በስብሰባ መጨረሻ ፎቶ መነሳት ሆኖ ሲቀር ብዙ አይተናል። ሮጀር ሃርት የተባሉት ምሁር እ.ኤ.አ. በ1992 ለዩኒሴፍ ባዘጋጁት ሥራ የልጆችን ተሳትፎ ስምንት ደረጃ ባለው መሰላል ሲያሳዩ፣ የታችኞቹን ሦስት እርከኖች፣ ማለትም ልጆችን መጠቀሚያ ማድረግን፣ ለጌጥ ማቆምንና ለስም ማስቀመጥን፣ ከተሳትፎ አልቆጠሯቸውም።

ይህ ክፍል ከእነዚያ ሦስት እርከኖች በላይ መሆኑን ያሳመነኝ መጠበቂያው ውስጥ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነጭ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው በመሐሉ በመስመር ተከፍሏል፤ በቀኙ «ያላችሁት»፣ በግራው «የሆነው» ይላል። ወጣቶቹ ያቀረቡት ሐሳብ ከነቀኑ ይጻፋል፤ ትይዩው ላይ የተደረገው፣ ካልተደረገም ለምን እንዳልተደረገ ይሰፍራል። «መጠበቂያው ውስጥ ዋይፋይ ይግባልን» በሚለው አንጻር «ገንዘብ የለም፤ በዚህ ዓመት አይሆንም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን የመሰለ ግልጽ መልስ ከመንግሥት ግቢ ያገኘሁበትን ጊዜ አላስታውስም። አማካሪ ቡድኑ በወር አንድ ጊዜ ሲሰበሰብ ለአባላቱ የባጃጅ ሒሳብ ይከፈላል። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከከተማው ወጣ ካለችው ከመልካ ጀብዱ ለሚመጣ ሥራ ፈላጊ ልጅ ግን በቡድኑ መቆየትና አለመቆየት ማለት ነው።

በበሩ ላይ እንግዳ የሚቀበሉት በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ናቸው። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉ የሥነ አእምሮ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ2006 በሐራሬ ከተማ 14 አያቶችን አሠልጥነው በአግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው እንዲያዳምጡ ያደረጉበት «የወዳጅነት ወንበር» የሚባለው አሠራር በብዙ አገሮች ይታወቃል፤ 573 ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2016 ወጥቶ ውጤታማነቱን አሳይቷል። ነርሷም መጀመሪያ ያሰበችው የሰፈር እናቶችን እንደነበር አጫውታኛለች። የቡድኑ አባላት ግን እናቶቻችን ደጎች ናቸው፣ ነገር ግን እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ አሉ። በእኩዮች መተካቱ ለእኛ ሠርቷል። በሩ ላይ የተቀበለን ልጅ እኔን «ጋሼ፣ እዚህ ጋ አረፍ ይበሉ፤ እሱን ትንሽ አዋራዋለሁ» ብሎ አስቀምጦ የእህቴን ልጅ ይዞት ገባ። ከእኔ መነጠሉ ያኔ ቅር አሰኝቶኝ ነበር።

ይሁን እንጂ በእኩዮች መሥራት የራሱ ሸክም አለው፤ በዚህ ረገድ አገልግሎቱ ይጎድለዋል። በጎ ፈቃደኞቹ የወሰዱት ሥልጠና አጭር ነው፤ አንድ ሰው ራሱን ሊያጠፋ እንደሚያስብ ሲነግራቸው ወዲያው ለነርሷ ማስተላለፍ እንዳለባቸው ያውቃሉ፣ ያንንም ያደርጋሉ፤ ነገር ግን የሰሙትን ይዘው ወደ ቤታቸው ሲሄዱ እነሱን የሚያዳምጥ የተመደበ ሰው የለም። በአራተኛው ቀጠሯችን አንደኛው ፈቃደኛ ከውጭ ደረጃው ላይ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ምን ሆንክ ብለው «ምንም፣ ጋሼ፤ ዛሬ ብዙ ሰማሁ» አለኝ። ሃያ ዓመት የሚሞላው አይመስለኝም። የወጣቱን ጉልበት እየተጠቀሙ ወጣቱን ያለ ጠባቂ መተው እንደ ትንሽ ጉድለት የሚታለፍ አይደለም፤ በዚህ ነገር ላይ ሰሌዳው ዝም ማለቱም አልገባኝም።

ሌሎቹን ጉድለቶች በአጭሩ ላንሳ። የጀርባው በር ቢከፈትም ካርድ የሚወጣው ዛሬም በዋናው በር በኩል ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን ካርድ ክፍሉ የልጁን ሙሉ ስም ከነአያቱ ጮክ ብሎ ጠርቶታል፤ የተደበቀው ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተገለጠ። የሥነ አእምሮ ነርሷ አንድ ብቻ በመሆኗ ለዓመት ፈቃድ ስትወጣ ክፍሉ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቷል፤ ቀጠሯችን መተላለፉን የነገረን የስልክ ጥሪም አልነበረም፤ በሩ ላይ ደርሰን ነው ያወቅነው። ሐኪም የጻፈለትን መድኃኒት በጤና ጣቢያው ስላላገኘን በውጭ ገዝተናል፤ ዋጋውን ሁሉም ቤተሰብ የሚችለው አይደለም። ከዘጠኙ የቡድኑ አባላት ሴቶቹ ሁለት ብቻ ናቸው። ሲሰበሰቡ ምሽት ስለሆነና ልጃገረድ ከመሸ በኋላ ከቤት መውጣቷ ስለሚያስጠይቅ መሆኑን አንደኛዋ ነግራኛለች፤ ለወንዶቹ የበጀው ሰዓት ለሴቶቹ አልበጀም ማለት ነው።

ስለ ሕክምናው ራሱ ብዙ ማለት አልችልም፤ ከበሩ ጀርባ የሆነውን የሚያውቁት ልጁና ነርሷ ናቸው። ከውጭ ሆኜ ያየሁት ይህን ነው። እኔን ያስገቡኝ ከሰባቱ በሁለቱ ብቻ ሲሆን፣ በሁለቱም ልጁ ተጠይቆና ምን እንደሚነገረኝ አስቀድሞ ተስማምቶ ነው። በሦስተኛው ቀጠሮ ነርሷ ለእኔ «እርስዎ ከእንግዲህ ሲገባና ሲወጣ አይመርምሩት፤ እራት አብራችሁ ብሉ፣ ወሬውን እሱ ይጀምረው» ብላ የሰጠችኝ የቤት ሥራ እስካሁን ያደረግሁት ከባዱ ነገር ነው። ልጁ ከየካቲት ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት ተመልሷል። ኳሱን ገና አልጀመረም። በአሜሪካ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት በሰው ዕድሜ ከሚታዩት የአእምሮ ሕመሞች ግማሹ እስከ 14፣ ሦስት አራተኛው ደግሞ እስከ 24 ዓመት ባለው ዕድሜ እንደሚጀምሩ አሳይቷል። እኛ «ዕድሜው ነው፣ ያልፍለታል» እያልን ያሳለፍናቸው አራት ወራት ከዚህ አንጻር ሲታዩ ያስቆጫሉ።

ለመሄድ ለሚያስብ ቤተሰብ ጥቂት ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ቀን ከ10 ሰዓት ቀደም ብሎ መድረስ ይሻላል፤ ከ11 ሰዓት በኋላ ሰው ይበዛል። አዋቂው ወንበሩ ላይ ለአንድ ሰዓት ያህል ብቻውን ለመቀመጥ ይዘጋጅ፤ ውኃ ይያዝ፤ ማራገቢያው መብራት ሲጠፋ አይሠራም። ልጁ ራሱን ሊጎዳ ሙከራ ካደረገ ወይም የሚያደርግ ከመሰለ ግን ማክሰኞን መጠበቅ አይገባም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መውሰድ ያስፈልጋል፤ ይህን ነርሷም በመጀመሪያው ቀን አስረግጣ ነግራናለች።

ከሁሉ ያሳዘነኝ በሰሌዳው ላይ ያለ አንድ መስመር ነው። በቀኙ በኩል «መጠይቁና ገጹ በሶማሊኛና በአፋን ኦሮሞ ይዘጋጅ» ተብሎ በጥር ወር ተጽፏል። በአራት ቋንቋ እየተቀላለደ በሚውል ከተማ ለሕመም ሲሆን በአማርኛ ብቻ ማሰብ ለብዙዎች በሰው አፍ መናገር ነው፤ ሁለት ልጆች በአማርኛ እየጀመሩ መሐል ላይ ሲቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ። በግራው ትይዩ ምንም አልተጻፈም። ለዋይፋይ እንኳ «አይሆንም» የሚል መልስ የሰጠ ሰሌዳ ለዚህ ባዶ ነው። ባለፈው ሐሙስ፣ በሰባተኛው ቀጠሯችን፣ በባዶው ቦታ ላይ አንድ ሰው በትንንሽ ፊደል «እየጠበቅን ነው» ብሎ ጽፎበታል፤ ከሥሩ ደግሞ ሌላ ሰው በሌላ ቀለም ያንኑ በሶማሊኛ ደግሞታል።